ከማያጨሱት ተርታ

እስከዚያ ጠዋት ድረስ ደም ማለት ለእኔ ቀይ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣት ሲቆረጥ የሚንጠባጠብ፣ ልብስ ላይ ሲፈስ እንቢ አልለቅም የሚል። ውስጡ ወርቅ የመሰለ ውሃ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝስ መቼ አምን ነበር? «ሂድ ወዲያ፣ የምትቀልድበት ሰው አጣህ?» እለው ነበር። በዓይኔ ካየሁት በኋላ ግን ብዙ ነገር ማመን ጀመርኩ፤ ስለ ደምም፣ ስለ ሲጋራም፣ ስለ ሰውም።

ነገሩ የጋሼ ነገር ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወላጆቻችን ተከታትለው ሲሞቱ እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ፤ እሱ ነው እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ። ሳያገባ የቀረውም በእኔ የተነሳ ነው። ይህን ስል ሲሰማኝ ግን ይቆጣል፤ «አርፈሽ ተቀመጪ! ያላገባሁት የምታገባኝ አጥቼ ነው» ይላል። እኔ በበኩሌ አግብቼ ነበር። ባሌ ሲሞትብኝ ዕቃዬን ሸክፌ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ያለው ቤቱ ስገባ በር ላይ ቆሞ «ዘገየሽ፤ ራት ቀዘቀዘ እኮ» አለኝ እንጂ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ነን።

ጋሼ ሹፌር ነው። በወጣትነቱ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ሞያሌ በለው፣ ጅቡቲ በለው፣ ያልረገጠው መንገድ የለም። ሲጋራውን የለመደውም እዚያው መሪ ላይ፣ እንቅልፍ ለማባረር ብሎ ነው። ኋላ ጌታን ተቀበለና የጭነት መኪናውን ትቶ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ወጥቶ «ጌታ ከሲጋራ ነፃ አወጣኝ» ብሎ መሰከረ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ሃሌ ሉያው ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ያን ዕለት አልዋሸም፤ በእውነት ትቶ ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ወጥቶ መኪና በረሃ ላይ ተበላሽቶበት ሲጠብቅ፣ አንዱ ሹፌር «እንካ ጋሼ» አለውና ተመለሰበት።

መመለሱስ የሰው ነገር ነው፤ ጉዱ ያለው ምስክርነቱ ላይ ነው። ምስክርነቱ ከእሱ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል። የሚያጨስ ወጣት በተገኘ ቁጥር «ሂድ፣ እሳቸውን አነጋግር» እየተባለ ወደ እሱ ይላካል። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አድርገው መረጡት። ታዲያ በምን አፉ «ተመለሰብኝ» ይበል?

ስለዚህ ደበቀ። እኔም አብሬው ደበቅኩ። ሌላ ቤት ባልየው አጫሽ ሲሆን ሚስትየዋ «ውጣልኝ!» ብላ ወደ በረንዳ ታባርረዋለች። የእኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነበር፤ ውጪ ሰው አለ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ጎረቤቱ በሙሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። እና ከራት በኋላ ጋሼ ጓዳ ይገባል። መስኮቱን እዘጋለሁ፣ መጋረጃውን እስባለሁ፣ በሩ ሥር ፎጣ እወትፋለሁ። ሽታው እንዳይታወቅ ምድጃው ላይ ሽንኩርት ጥጄ አቁላላለሁ። ሲጨርስ ቅርንፉድ ያኝካል። በዚያ በሀዋሳ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው፣ ያው እብድ ካልሆነ የሚደብቀው ነገር አለው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ሰዓት እወደው ነበር። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ዝምተኛ ነው፤ ሲያጨስ ብቻ አፉ ይፈታል። የመንገዱን ጉድ፣ የአለቆቹን አመል፣ እናታችን እንዴት ትስቅ እንደነበረ የሚያወራልኝ ያኔ ነው። እግሬን አጣጥፌ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ አለቅሳለሁ። ከጭሱ የተነሳ ዓይኔ ሲቆጠቁጠኝ ደግሞ «ሽንኩርቱ ነው» እላለሁ። ለራሴ ነው የምለው፤ ሌላ ሰውማ የለም።

መሃል ከተማ ትንሽ ጭማቂ ቤት አለችኝ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ከሁሉ በላይ ግን አቮካዶ ነው የሚሸጠው፤ ሲዳማ አቮካዶ ተርፎት ነው መሰለኝ ዛፉ ሥር የወደቀውን ከብት ይረግጠዋል። የተረፈኝን ማታ ወደ ቤት እወስዳለሁ። ጋሼ «አቮካዶ ለልብ ጥሩ ነው» ሲባል በሬዲዮ ከሰማ ጀምሮ ልቡ አርፎ ነበር። በአንድ እጁ ማንኪያ፣ በሌላው ሲጋራ ይዞ «አየሽ፣ ይሄ ሲያቆስል ይሄ ይጠግናል» ይለኛል። እኔም ቢጠግነው ደስ ባለኝ። ሁለታችንም ከአንድ ሳህን ነው የምንበላው፣ ከአንድ ድስት።

ከዚያ የታቦር ዳገት ያስቸግረው ጀመር። ከባጃጅ ወርደን ወደ ቤት ስንወጣ መሃል ላይ ይቆምና ፊቱን ወደ ታች መልሶ «ሐይቁ ዛሬ እንዴት ያምራል!» ይላል። መጀመሪያ አብሬው አየሁ። ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ሐይቁ ሲያምር ግን ነቃሁ። እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ፈራሁ። እሱን ያጣሁ እንደሆነ በዚህ ዓለም ላይ ማን ሊቀረኝ ነው?

«ጋሼ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው ‹ያጨሳሉ ወይ› ነው። ነርሷ ደግሞ እኛ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ የምትዘምረዋ ናት። አይሆንም።»

«ሻሸመኔ እንሂድ።»

«ሻሸመኔ የማያውቀኝ ማን አለ? ሲጋራውን የምገዛው እዚያ አይደል!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ስንት ጊዜ ጮህኩበት! እሱ ፈገግ ብሎ አቮካዶውን ይበላል።

በዚህ መሃል ነው ልጅቷ የመጣችው። የዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ናት፤ ከጎጃም ነው የመጣችው፤ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ። ከሰዓት ሁልጊዜ ሱቄ ትመጣለች፤ ስኳር የሌለው አቮካዶ ጁስ። አንድ ቀን ምን እንደምታጠና ጠየቅኳት። ሲጋራ በደም ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኢ እና ኮሌስትሮል ምን እንደሚያደርገው ነው አለችኝ። «የሚያጨስ ሰው እፈልጋለሁ፤ ደግሞ ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ የሚበላ የማያጨስ ሰው። ምግባቸው አንድ ከሆነ ልዩነቱ የሲጋራው መሆኑን ለማወቅ ይቀለኛል። ግን እትዬ፣ እዚህ ከተማ አጫሽ ሁሉ ብቻውን ነው መሰለኝ የሚበላው፤ ጥንድ አጣሁ» አለች።

ዙሪያዬን ገልመጥ ገልመጥ አደረግኩና «ስም ትጽፊያለሽ?» አልኳት።

«ስም አይጻፍም። ቁጥር ብቻ ነው የምንሰጠው።»

ያን ማታ ለጋሼ ነገርኩት። ሲጋራውን ከአፉ አወጣ።

«ቤተ ክርስቲያናችንን ታውቀዋለች?»

«ኧረ ኦርቶዶክስ ናት፣ ጋሼ! ማተብ አስራለች።»

«እሰይ!» አለ። ጋሼ የሰው ማተብ ሲያይ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ቁርስ ሳንበላ በጠዋት ሄድን። ባጃጅ ውስጥ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ተቀምጧል፤ ሌባ ነው የሚመስለው። «ቀና በል እንጂ፣ ይብስ ታስጠረጥረናለህ!» አልኩት። ላቦራቶሪው ውስጥ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀችን፤ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ድምፅዋ ጠንክሮ። መጀመሪያ ከእሱ፣ ቀጥሎ ከእኔ ደም ወሰደች። ጋሼ መርፌውን ላለማየት ጣሪያውን ሲያይ፣ ያ በበረሃ ከሽፍታ አመለጥኩ የሚለው ጀግና ይሄ ነው እንዴ አልኩ በልቤ።

ቱቦዎቹን ትንሽ አቆየቻቸውና በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ከተተቻቸው። ማሽኑ እያጓራ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አሳየችን።

ያንተ ያለህ! ቀዩ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ረግቷል። ከላዩ ላይ ጥርት ያለ፣ ቢጫ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያበራ ውሃ ቆሟል። የእኔ ነው። ከክንዴ የወጣ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስጣላ፣ ስስቅ፣ አቮካዶ ስፈጭ፣ ይሄ ነገር በውስጤ ዝም ብሎ ሲዞር ኖሯል። ማን አዞረው? ማን አጠራው? እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

«እና እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ማር ተሸክሜ ነው የምነዳው?» አለ ጋሼ፤ እሱም አፉን ከፍቶ ነበር።

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ማስረዳት ጀመረች፤ እኛም እንደ ሰንበት ትምህርት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማን። ቅባትና ውሃ አይዋደዱም አለች፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ኮሌስትሮል የሚባለው ቅባት ብቻውን መሄድ ስለማይችል በትንንሽ ጥቅል ታሽጎ ይጓዛል። አንዱ ዓይነት ጥቅል ከጉበት ወደ ሰውነት ይዞት ይሄዳል፤ እሱ ሲበዛና ሲበላሽ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠባል። ሌላው ዓይነት ደግሞ የተረፈውን እየለቀመ ወደ ጉበት ይመልሳል። ሲጋራ መጥፎውን ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ማድረግ ይወዳል።

«ቫይታሚን ኢውስ?» አልኳት።

«እትዬ፣ አቮካዶ ተቆርጦ ሲቀመጥ ለምን ይጠቁራል?»

«አየር ሲነካው ነዋ!»

«የእርስዎ እንዴት አረንጓዴ ሆኖ ይውላል?»

«ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ።»

«በደማችን ውስጥ ያለውም ቅባት እንደዚያው ይበላሻል። ቫይታሚን ኢ ማለት የእሱ ሎሚ ነው። በዚያው ጥቅል ውስጥ አብሮ ይጓዝና አበላሺው ሲመጣ ቀድሞ እሱ ይነካል፤ ቅባቱን አትርፎ ራሱ ያልቃል። የሲጋራ ጭስ አበላሺውን በገፍ ነው የሚያስገባው። ሎሚው ቶሎ ቶሎ ያልቃል።»

«አቮካዶ ብበላስ?» አለ ጋሼ፤ ተስፋው ዓይኑ ላይ ነበር።

«ጥሩ ምግብ ነው ጋሼ። ግን ጭሱ ካልቆመ፣ ከላይ ይጨምራሉ፣ ከታች ይፈስሳል።»

እኔ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገብቼ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በውስጤ አለ? እኔ ሳላውቀው፣ ሳልጠይቀው፣ «እሷ ከምትነካ እኔ ልነካ» የሚል? ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስለዚያ አሰብኩ። ጋሼም ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ኮፍያውን ሲያነሳበት አልመለሰውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ሱቄ መጣች። ጁስ አላዘዘችም። «እትዬ፣ ከእርስዎ እንደገና ደም መውሰድ አለብኝ፤ ቱቦ ሳልቀያይር አልቀረሁም» አለች። ፊቷ ደንግጧል። ሄድኩላት፣ ሰጠኋት። ደግሞ ከቀናት በኋላ መጣችና ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ደንበኛ አልነበረም።

የጋሼን ነገረችኝ መጀመሪያ። መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል፣ ጥሩው ወርዷል፣ ቫይታሚን ኢው ተሟጧል። የደረቱን ነገር ሐኪም ሳይውል ሳያድር ማየት አለበት አለች። እኔ ይህን ጠብቄው ስለነበር ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ።

«የእርስዎ ግን…» አለችና አቆመች።

«የእኔ ምን?»

«ኮሌስትሮሉ ደህና ነው። ቫይታሚን ኢው ግን የጋሼን ሊያህል ምንም አልቀረው። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ያጨሳሉ እንዴ?»

«እኔ?! አፈር በበላሁ! አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? እኔ በዚህ አፌ ሲጋራ? ጌታን በሚጠራ አፌ? ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ጁስ የለሽም!» ድምፄ ተሰምቶ የጎረቤቱ ጫማ ሻጭ አንገቱን አስግጎ አየን። ልጅቷ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ጋሼ የት ነው የሚያጨሱት?»

«ቤት ውስጥ ነዋ! ውጪማ ሰው ያየዋል። መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ መጋረጃውን ስቤ፣ በሩ ሥር ፎጣ ወትፌ…»

«እርስዎስ ያን ጊዜ የት ነዎት?»

«አጠገቡ» አልኩ።

ውጪ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሰው ያልፋል። እኔ ጓዳችንን እያየሁ ነበር፤ ጭሱ ከጣሪያው ተመልሶ ወደ እኛ ሲወርድ፣ እኔ እግሬን አጣጥፌ ስስቅ።

ልጅቷ ሐቀኛ ናት፤ ያለ ልኩ አልተናገረችም። «የአንድ ሰው ደም ማስረጃ አይሆንም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ልምልልዎ አልችልም። የሌላ ሰው ጭስ ግን ይሄን እንደሚያደርግ ይታወቃል» አለች። ቀጥሎም አንገቷን ደፍታ «ከማያጨሱት ተርታ ላስቀምጥዎ አልችልም እትዬ። ከሚያጨሱትም ጋር አልችልም» አለች። ጁስ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? እሷ ምን አጠፋች?

ማታ ጋሼ ራቱን ጨርሶ ጓዳ ገባ። እኔ መስኮቱ ጋ አልሄድኩም። ክብሪቱን ሊጭር ሲል «ጋሼ፣ ቆይ» አልኩት። የእሱን ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ «ይሁና፣ የራሴ ደም ነው» አለ። ከዚያ የእኔን ነገርኩት።

«ልጅቷ ተሳስታለች» አለ።

«ሁለት ጊዜ ወሰደች እኮ።»

«አቮካዶ ትበያለሽ አይደል?»

«እበላለሁ። ከአንተ ሳህን።»

«አንቺ እኮ በአፍሽ አድርገሽው አታውቂም!»

«በአፍንጫዬ ነው ጋሼ።»

ሲጋራው ከጣቱ ወደቀ። ክንዴን ያዘና ጨርሶ የማይታየውን መርፌ የገባበትን ቦታ ፈለገ፤ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ያለ ይመስል «እኔ እኮ ይቺን ልጅ አጥሚት እያጠጣሁ ነው ያሳደግኳት» አለ። «ወተት እያጣሁ፣ አጥሚት።» ጋሼ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም።

በማግስቱ ተወ። ምኑን ተወው፣ ሞከረ እንጂ! እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ወጥ ጨው በዛው ብሎ ይጮህብኛል፣ እኔም ዝም የምል አይደለሁምና እመልስለታለሁ። መቆም ሲያቅተው ውጪ ላጭስ ብሎ ሐይቁ ዳር ወረደ። ዓሣ ከሚሸጥበት አለፍ ብሎ ዛፍ ሥር ሊለኩስ ሲል አንዲት እናት «ሽማግሌ! ጌታ ነው ያገናኘን፤ ለልጄ ይጸልዩለት» ብላ ያዘችው። ጸልዮ መጣ። ሌላ ቀን ታቦር ተራራ ላይ ወጣ፤ ደረቱን ይዞ፣ እየተቀመጠ እየተነሳ። እዚያ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለጸሎት ወጥተው አገኛቸው። «ጋሼ፣ አብረውን ሊጸልዩ መጡ!» ብለው ተንበርክከው ጠበቁት። ሲነግረኝ እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ውጪ እንዳላጨስ ሰው አለ» አለ። «ቤት እንዳላጨስ አንቺ አለሽ። ልተው ብዬ ደግሞ ብቻዬን አልቻልኩም።»

«ታዲያ ብቻህን አትሁና! ንገራቸው።»

«ከሽማግሌነቱ ያወርዱኛል።»

«ሞተህ ሲያወርዱህ ይሻልሃል?»

«ምስክርነቴን ሰምተው የተዉ ልጆችስ? እነሱ ምን ይላሉ?»

እሱን የጨነቀው የሽማግሌነት ወንበሩ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ደረቱ እየተጨነቀ፣ ደሙ እየተሟጠጠ፣ እነዚያን ልጆች ነበር የሚያስበው። አንዱን ካላጣ ሌላውን አያገኝም፤ ወይ ስሙን፣ ወይ እኔንና ራሱን።

ዛሬ ጋሼ አያጨስም። ሐኪም ይከታተለዋል፣ መድኃኒቱን ይውጣል፣ ዳገቱን ቀስ እያለ ይወጣል። አንዴ ወድቆ ተነሥቷል፤ እንዴት እንደወደቀ ራሱ ነው የነገረኝ። ተማሪዋም ትምህርቷን ጨርሳ ከመሄዷ በፊት ደማችንን ደግማ አይታልን ነበር። የእኔ ቫይታሚን ኢ ከነበረበት ከፍ ብሏል፤ የእሱም እየመጣ ነው አለች። ያን ስሰማ አሁንም ሰውነቴን ወረረኝ። ያን ያህል ያጎሳቆልነው ደም፣ ጭሱን ብቻ ስንነሳው፣ ሳይቀየም ሊመለስ? ወይ የእግዚአብሔር ሥራ! ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ደሙ አይደለም። ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ የሰፈራችን ምእመናን በየቤቱ እየዞርን እንጸልያለን። ጋሼ ሳያጨስ ከተራራው በተመለሰበት ሳምንት ተራው የእኛ ቤት ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ኳየሯ ነርስ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ እማማ። እማማ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ለዓመታት ቤታችን የተመላለሱ አሮጊት ናቸው፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ሁልጊዜ የሚቀመጡት ወንበር ላይ ነው። መዝሙሩ ተዘመረ። ጋሼ ቃል ሊያካፍል ተነሣ፤ መጽሐፉን ግን አልከፈተም።

«እኔ አጨሳለሁ» አለ።

መጽሐፉን እንደተዘጋ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘ።

«የመሰከርኩ ጊዜ ትቼ ነበር። ከዚያ ተመለሰብኝ፤ ልነግራችሁ አፈርኩ። እናንተ እንዳታዩኝ መስኮት እየዘጋሁ አጨስኩ። አሁን ደም ተመርምረን ጭሱ እህቴ ደም ውስጥ ሳይገባ አልቀረም ተባልን። በአፏ አድርጋው የማታውቅ ልጅ! ከእናንተ የደበቅኩትን እሷ ውስጥ ነው የደበቅኩት። ከሽማግሌነት አውርዱኝ፤ ምስክርነቴን ለሰሙት ልጆች እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ብቻ እርዱኝ። ብቻዬን አልቻልኩም።»

ቆሞ ቀረ። አስተማሪው ምንጣፉን ያያል። ነርሷ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ፣ የሚነሣ ሰው ካለ፣ ክፉ የሚናገረው ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን ልዘልበት ተዘጋጅቻለሁ።

«ጨረስክ?» አሉ እማማ።

«ጨረስኩ።»

«እኛ እኮ እናውቃለን፣ ልጄ።»

ጋሼ ዙሪያውን አየ። ማንም ዓይኑን አላየውም። ነጋዴውም፣ ነርሷም፣ ሁሉም እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ከድሮም እናውቃለን» አሉ እማማ። «ልብስህ ይነግረናል፣ መጋረጃው ይነግረናል። እዚህ ቤት በመጣን ቁጥር የተቁላላ ሽንኩርት ይሸታል፤ ወጥ ቀርቦልን ግን አያውቅም።» ከጥግ አንዱ ሳቁ አመለጠውና በእጁ አፈነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«እንዳታፍር ብለን ነዋ!»

ጋሼ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ዓመት! እኛ እንዳያዩን፣ እነሱ እንዳናፍር። ይሉኝታ ከዚህም ከዚያም አጥር ሆኖ ቆሞ፣ ጭሱ መሃል ላይ ከእኔ ጋር ተዘግቶበት ኖሯል።

እማማ ግን አልጨረሱም ነበር። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ተነሡ፤ ነርሷ ልትይዛቸው ብትል ገፍተዋት ወደ እኔ መጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንቺም እዚያ ጓዳ ውስጥ አብረሽው እንዳለሽ እናውቅ ነበር» አሉኝ። «እሱን እንዳናሳፍረው ስንጨነቅ፣ አንቺ ምን እንደምትተነፍሺ አንድም ቀን አላሰብንም። ይቅር በይን፣ ልጄ።»

«ኧረ እማማ! ምን ሲሉ፣ ምንም አይደል!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ሁልጊዜው፣ እንደ ሁላችንም። አልወጣልኝም። ጋሼን አየሁት፤ እያየኝ ነው፣ እየጠበቀ ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። «ሁላችሁንም ይቅር ብያለሁ።»

ያን ሲሰማ ነው ጋሼ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቀሰው።